የድስት መያዣ

የሰውን መታወቂያ ለራሱ ለሰውየው ደኅንነት ብለው ቢደብቁት ሌብነት ነው ወይ? ይህን ሳገላብጥ ሁለት ሳምንት አለፈኝ፤ የምጠይቀው ሰው ግን አላገኘሁም። ባለቤቴን ሀብተ ጊዮርጊስን እንዳልጠይቀው፣ ጥያቄውን ሳልጨርስ መዝገብ ገልጦ «በማን ስም? በስንት ቀን?» ይለኛል። ጎረቤት እንዳልጠይቅ፣ ቀጨኔ ዳገቱ ላይ የተነገረ ነገር ቁልቁለቱን ወርዶ አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ከነወለዱ ነው። የነፍስ አባቴን መምሬ ዮፍታሔን እንዳልጠይቃቸው ደግሞ፣ የእሳቸው መታወቂያ ራሱ እኛ ቤት በመያዣ ከተቀመጠ አራት ወሩ ነው። መታወቂያቸው የተያዘባቸው አባት ስለ መታወቂያ እንዴት አድርገው ይፈርዳሉ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ የሰፈራችን እድር ንብረት ያዥ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት መጋዘን ኃላፊ ነበር፤ አንድም ቀን ጉድለት አልተገኘበትም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ከእሱ ጋር አምስት ደቂቃ ይቀመጥ፣ ያውቃል። የእድሩ ዕቃ፣ ትልልቁ ብረት ድስት፣ የፕላስቲክ ወንበሩ፣ ጆጉ፣ ድንኳኑ፣ ሁሉም ጓሯችን ባለው የቆርቆሮ ቤት ተቆልፎበት ይኖራል። ለሐዘን ከሆነ ዕቃው ያለ ጥያቄ ይወጣል። ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለማኅበር ከሆነ ግን ተበዳሪው መታወቂያውን ያስይዛል፤ ዕቃውን ሲመልስ መታወቂያውን ይቀበላል። ደንቡ ይኸው ነው። ሰው ግን ሰርጉ ካለፈ በኋላ ድስቱን ይለምደዋል፤ መታወቂያውንም ይረሳዋል። በላስቲክ ታስረው ቡፌው መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጡት መታወቂያዎች ዘንድሮ ሃያ ሦስት ደርሰው ነበር። የሁለቱ ባለቤቶች ከሞቱ ቆይቷል፤ የቀበራቸውም ያው እድሩ ነው፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን የጎደለው ማንኪያ ሳይሟላ አልለቅም ብሎ እንደያዛቸው አለ።

እንግዲህ ምርጫ መጣ፤ የመራጮች ምዝገባ የመጨረሻው ቀን እሑድ ላይ ዋለ። ሰው መታወቂያ ይዘህ ቅረብ ሲባል ነው መታወቂያው የት እንዳለ ትዝ የሚለው። የእኛ ሰፈር ሰው ደግሞ ትዝ ሲለው የሚመጣው ወደ እኛ ቤት ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን የሰፈሩ መታወቂያ አልነበረም፤ የራኬብ ነው። ራኬብ የልጄ የኢዮብ ልጅ ናት። አባቷ የጭነት መኪና ይዞ ሐዋሳ ስለሚኖር፣ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ እኛ ጋ ነው ያደገችው። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች ባንዱ ካሸር ናት። ይህ የመጀመሪያ ምርጫዋ ስለሆነ ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ከሁለት ሳምንት በፊት ጂንስ ሱሪዋን ሳጥብ ከኋላ ኪሱ መታወቂያዋ ወጣ። በቀሚሴ ጠርጌ ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጥላት ነበር። ስነሳ ግን እጄ ወደ ጠረጴዛው አልሄደም።

በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት ኢዮብ ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጣ። ያኔ ወንደላጤ ነበር፤ ሰልፍ የማይወድ፣ ድንጋይ የማይነካ፣ ኳስ እንኳ ተቀምጦ የሚያይ ልጅ። የተመለሰው በአርባ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ዳቦውን ሳይገዛ። ለምን እንደያዙት እሱም አያውቅም፣ የያዙትም አልነገሩትም። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ቤት ማንም ሰው «መጣሁ» ሳይል አይወጣም። እኔም «እሺ፣ ቶሎ በል» ሳልል ጫማ አይታሰርም። ሀብተ ጊዮርጊስ ጓሮ ዕቃ ቤት ሲሄድ እንኳ «መጣሁ» ይላል፤ ሽንት ቤትም ሲሄድ ይላል። እንግዳ ሲኖር ያሳፍራል፤ ግን ይላል። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ አጭር ነበር። መታወቂያ ከሌለ ምዝገባ የለም፤ ምዝገባ ከሌለ ሰልፍ የለም፤ ስሟ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ስሟን ይዞ የሚፈልጋት የለም። በማታ ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ይህን ያህል ሒሳብ አያቅተኝም። መታወቂያውን በፌስታል ጠቀለልኩና አልጋዬ ሥር በአሮጌ ጋቢ በሸፈንኩት ድስት ውስጥ፣ በርበሬው መሃል ቀበርኩት። ፌስታሉ ቀዳዳ እንደነበረው ያወቅኩት በኋላ ነው።

እሑድ ጠዋት፣ ከሥራ በምታርፍበት በአንዱ ቀን፣ ራኬብ ቤቱን መገልበጥ ጀመረች። ፍራሽ ተነሳ፣ ቦርሳ ተራገፈ፣ የአያቷ ኮት ኪስ ተፈተሸ።

«እማዬ፣ መታወቂያዬን አላየሽም?»

«ምን ዓይነት መታወቂያ?» አልኳት። በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ ያለ ደደብ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

«የእኔ ነዋ። ፎቶዬ ያለበት።» ወዲያው ጎንበስ ብላ አልጋዬ ሥር አየች። «ይሄ የተሸፈነው ምንድነው?»

«በርበሬ ነው፤ አትንኪው፣ ዓይንሽ ይቃጠላል።»

«ፊቴን ልታጠብና ከሥሩ ሳላይ አልቀርም» ብላ ወደ ቧንቧው ወጣች። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ እጄን እስከ ክንዴ በርበሬ ውስጥ ከተትኩ። መታወቂያውን አወጣሁ፤ የት ላድርገው? ጡቴ ሥር ላድርገው ብል ሊያቃጥለኝ ነው። መታወቂያ ከመታወቂያ ጋር ሲሆን ማን ያየዋል ብዬ የቡፌውን መሳቢያ ከፍቼ ከላስቲኩ ሥር ከእድሩ መያዣዎች መሃል ሰካሁት። ሃያ አራት ሆኑ። በዚያች ሰዓት ራሴን እንደ ትልቅ ብልህ ቆጥሬው ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሙንዲር መጣ። ሙንዲር ከበራችን ፊት ለፊት ልብስ የሚሰፋ ጎረቤታችን ነው። ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ እየሰማ ስለሚሰፋ የዓለም ነገር አያመልጠውም፤ የሚያመልጠው የሱሪ ቁመት ነው። እሑድ እሑድ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ሳሎናችን ገብቶ ሶፋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ከሀብተ ጊዮርጊስ ጋር ይከራከራል። የዚያን ሰሞን ክርክራቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ሊመርጥ የሚመዘገብ ሰው መታወቂያ መጠየቅ አለበት ወይስ የለበትም።

«ይኸውልዎ ጋሽ ሀብቴ፣ እንግሊዞች እንኳ ድሮ ስምህን ተናግረህ ትገባ ነበር። አሁን ፎቶ ያለበት መታወቂያ ካላሳየህ አትመርጥም ብለዋል። አሜሪካ ደግሞ አንዱ ክፍለ ግዛት አሳይ ሲል ጎረቤቱ አያስፈልግም ይላል። እየተናነቁበት ነው።»

«ይናነቁ፤ ስለማይተዋወቁ ነው» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ። «እዚያ አገር ሰው የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ይሞታል አሉ። እኔን ግን ሃምሳ ሁለት ዓመት በኖርኩበት ሰፈር፣ ግማሹን ሰው ድንኳን ተክዬ በዳርኩበት ሰፈር፣ ማነህ ብሎ የሚጠይቀኝ ልጅ ማነው? ሦስት ሰው እናውቀዋለን ካለ መታወቂያ ምን ያደርጋል?»

ይህ መርህ ከየት እንደመጣ እኔ አውቃለሁ። የሀብተ ጊዮርጊስ መታወቂያ ጊዜው ካለፈ ሦስት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ሊያሳድስ ሄዶ ተሰለፈ፤ ተራው ሲደርስ ነገ ይምጡ አሉት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ መርህ ያዘ። ምስክር ይበቃል የሚለውን ከማን እንደሰማው አላውቅም፤ ይሠራል የሚልም አለ፣ ዘንድሮ ቀርቷል የሚልም አለ፤ ሁሉም የየራሱን ይናገራል እንጂ ሄዶ ያጣራ ሰው አላየሁም።

ራኬብ ከመኝታ ቤት ውስጥ፣ ትራስ ልብስ እየገለበጠች፣ «አባባ፣ መታወቂያ የሚጠየቀው እርስዎን ለማዋረድ አይደለም» አለች። «አንዱ ሰው ሁለቴ እንዳይመርጥ ነው። ለሁሉም እኩል ነው።»

«አንቺ መጀመሪያ ያንቺን አግኚና ተከራከሪ» አላት።

«የሞተ ሰው መረጠ እያሉም ይካሰሳሉ እኮ በውጭ አገር» አለ ሙንዲር። ከዚያ ወደ ቡፌው አየና ሳቀ። «እኛ ሰፈር ግን ሙታኑም ቢሆኑ ጋሽ ሀብቴን ሳያስፈቅዱ አይመርጡም።»

ሀብተ ጊዮርጊስ አልሳቀም። «ሦስት ማንኪያና አንድ ጭልፋ ነው የቀረባቸው» አለ።

አራት ሰዓት ሲሆን ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የደረሰው የሚኒባስ ሹፌሩ ዋቅጋሪ ነው፤ ለእህቱ ሰርግ የወሰዳቸውን ወንበሮች መኪናው ጣሪያ ላይ ቆልሎ በሩ ላይ አቆመ። ሀብተ ጊዮርጊስ መነጽሩን አድርጎ፣ እስክሪብቶውን መዝዞ፣ አንድ በአንድ ቆጠረ። ሠላሳ ዘጠኝ።

«አንዷስ?»

«አንዷ ላይ እናቴ ተቀምጣለች ጋሼ» አለ ዋቅጋሪ። «ፀሐይ እየሞቀች ነው። ላስነሳት?»

«አስነሳት።»

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ወንበሯን ራሱ ላይ ደፍቶ ተመለሰ። እናቱ ምን ላይ እንደተቀመጡ አልጠየቅንም። መታወቂያውን ተቀብሎ ፎቶውን ሲያይ «ያኔ ጸጉር ነበረኝ» አለና እየሮጠ ወደ ምዝገባው ወረደ። ከእሱ በኋላ ግቢው የዕቃ ጎርፍ ሆነ። ጆግ የያዘ፣ ድስት የተሸከመ፣ ጭልፋ በጋዜጣ የጠቀለለ፤ ከአዲሱ ገበያ በታክሲ ለድስቱም የሰው ሒሳብ ከፍሎ የመጣም ነበር። ማኅበር ያለ እስኪመስል ድረስ በራፋችን በድስት ተሞላ፤ የጎደለው ወጡ ብቻ ነው።

መምሬ ዮፍታሔ ከቅዳሴ መልስ አንድ ድስት በደብራቸው ዲያቆን አሸክመው ገቡ። መስቀል ተሳለምን። ሀብተ ጊዮርጊስም ተሳለመና ወዲያው ወደ ድስቱ ዞረ።

«ክዳኑስ አባታችን?»

«ክዳኑ ይመጣል።»

«መታወቂያውም ያን ጊዜ ይመጣል አባታችን።»

መምሬ በረጅሙ ተነፈሱና ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ውሃ ላቀርብላቸው ጠጋ ስል ጥያቄዬ አፌ ላይ መጣ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አባ፣ የሰውን መታወቂያ፣ እ... ማለቴ፣ ለሰውየው ጥቅም ብሎ የያዘ ሰው፣ ኃጢአቱ ምን ያህል ነው?» አልኳቸው። መምሬ ስለ ራሳቸው መታወቂያ መሰላቸው። ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ እያዩ፣ ቤቱ በሙሉ እንዲሰማ አድርገው፣ «ከባድ ነው» አሉ። «እጅግ ከባድ ነው ልጄ። ዛሬውኑ መመለስ ነው ያለበት። ለነገ የሚያሳድር ሰው ልቡ የደነደነ ነው።» ሀብተ ጊዮርጊስ መዝገቡን ገለጠ እንጂ ቀና አላለም። የተገሠጸችው እኔ ነኝ። መምሬ ክዳናቸውን ሊያመጡ ወጡ።

ቀትር ላይ ሀብተ ጊዮርጊስ የቀሩትን መታወቂያዎች ከመዝገቡ ጋር ሊያመሳክር ተቀመጠ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ላስቲኩ ሲፈታ ሰማሁ፤ ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ሲደረድራቸው ሰማሁ። ከዚያ መዝገቡን ወደ ኋላ ሲገልጥ ሰማሁ። 

«ራኬብ!»

መጣች። መታወቂያዋን በእጁ ስታይ ፊቷ በራ፤ «እሰይ፣ የት አገኙት?» ብላ እጇን ዘረጋች። እሱ ወደ ኋላ ሳበው።

«ምን ወሰድሽ?»

«ምን?»

«መታወቂያሽ መያዣ ውስጥ ነው የተገኘው። መያዣ ካለ ዕቃ ወጥቷል። መዝገቡ ላይ ደግሞ ስምሽ የለም። ሳይመዘገብ ወጥቷል ማለት ነው። ምን ወሰድሽ?»

ልጅቷ ቀልድ መሰላት፤ ወደ ሙንዲር አየች፤ ሙንዲር ትከሻውን ነቀነቀ። ሀብተ ጊዮርጊስ «መጣሁ» ብሎ ባትሪውን ይዞ ወደ ዕቃ ቤት ሄደ። እኔ «እሺ፣ ቶሎ በል» ማለት አቃተኝ። ሩብ ሰዓት ያህል የድስት መንኳኳት ሰማን። ሲመለስ ፊቱ ላይ ሁለት ነገር ነበር፤ ሐዘንና፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስታ። ግምቱ ልክ የወጣለት ሰው ደስታ።

«ቁጥር አሥራ አራት የለም» አለ። «ስድሳ ሊትሩ።»

 ቁጥር አሥራ አራት የት እንዳለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አልጋዬ ሥር ነው። ከገና በፊት፣ ዛላ በርበሬ ኪሎው ስምንት መቶ ብር ሊገባ ነው ሲባል ተሽቀዳድሜ ገዝቼ አስፈጭቼ፣ የማደርግበት ዕቃ ባጣ ለአንድ ቀን ብዬ ቁልፉን ከኮቱ ኪስ አውጥቼ አመጣሁት። የንብረት ያዥ ሚስት ሆኜ መታወቂያ ላስይዝ? ለማን? አንዱ ቀን አለፈ፤ በርበሬውም ድስቱን ለመደው።

«እኔ ስድሳ ሊትር ድስት ምን ላደርግበት አባባ?» አለች ራኬብ። «ፋርማሲ ውስጥ ቅቅል ልሸጥበት?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ዕቃ ሳይመለስ መታወቂያ አይወጣም። ለመምሬ ያልተጣሰ ደንብ ለልጅ ልጄ አይጣስም።» ሁሉንም መታወቂያ በላስቲክ መልሶ አሰራቸው፤ የእሷን ከላይ አድርጎ።

ራኬብ «መጣሁ» ብላኝ ወደ ምዝገባው ቦታ ወረደች። ስልኳ ላይ የመታወቂያው ፎቶ ስላለ በእሱ ይመዘግቡኝ እንደሆነ ልሞክር ብላ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ሐቁን ለመናገር ሁለት ሆኜ ነበር የጠበቅኩት፤ አንደኛዋ እኔ አይሆንም እንዲሏት ትጸልያለች፣ ሁለተኛዋ እኔ በጸሎቷ ታፍራለች። ዝናብ ማካፋት ጀመረ። የተመለሱት ድስቶች ገና ወደ ዕቃ ቤት ስላልገቡ ጠብታው በየዓይነቱ ድምፅ ያወጣባቸው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጸጉሯ ረጥቦ መጣች።

«ዋናውን አምጪ አሉኝ። ካልሆነም የሚያውቁሽን ሰዎች ይዘሽ ነይና እናያለን ብለዋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል።» አያቷ ፊት ቆመች። «አባባ፣ ይምጡና ይመስክሩልኝ። ሁለት ወር ሲከራከሩለት የከረሙት ነገር እኮ ነው።»

ሀብተ ጊዮርጊስ መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ። «ምን ብዬ ልመስክር? አውቃታለሁ፣ ድስት አልመለሰችም ብዬ?»

«አልወሰድኩም አልኩዎት እኮ።»

«መያዣው ወስደሻል ይላል።»

«እሺ» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም፤ ከአባቷ የወረሰችው ነው፣ ሲናደዱ ቀስ ይላሉ። «ለአገር ሲሆን መታወቂያ ለምን ይጠየቃል፣ ሰው ይበቃል ይላሉ። ለድስት ሲሆን ሰው አይበቃም፣ መታወቂያ ይላሉ።»

«ድስት ይጠፋላ» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ።

«ድምፅስ አይጠፋም?»

ሙንዲር ሰፊው፣ ለዓለም ሁሉ ወሬ ያለው ሰው፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠላትን ሜትር አውርዶ መጠቅለል ጀመረ። ጠቀለላት፣ ፈታት፣ እንደገና ጠቀለላት። ሀብተ ጊዮርጊስ መዝገቡን አገላበጠ፤ መዝገቡ ላይ ለዚህ የሚሆን አምድ የለም።  ራኬብ ግን ከእሱ ምንም ሳትጠብቅ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ እማዬ? አንቺ ትመሰክሪልኛለሽ?»

ምን ብዬ ልመስክር? በአንዲት የጨርቅ ሻንጣ ከሐዋሳ የመጣችበትን ቀን አውቃለሁ። ጥርሷ ሲነቀል የትኛው ጣሪያ ላይ እንደወረወርነው አውቃለሁ። ትኩሳት ሲይዛት «እማዬ» ማለቱን ትታ በሟች እናቷ ስም እንደምትጠራኝ አውቃለሁ። ከእኔ የተሻለ ምስክር ጉለሌ ውስጥ አይገኝም። ግን ምስክር ሆኜ ብሄድና የሚመዘግበው ሰው «መታወቂያዋ የት ሄደ?» ቢለኝስ? የመምሬ ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ ለነገ የሚያሳድር ሰው ልቡ የደነደነ ነው። ሰዓቱ አሥር ሊሆን ነው።

ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። ጋቢውን ገፈፍኩና ድስቱን ጎተትኩት፤ አልነቃነቅ አለኝ። «ሙንዲር፣ እስቲ ና አግዘኝ» አልኩ። ሙንዲር መጣ፤ እሱ በአንድ ጆሮው እኔ በሌላው ይዘን እየጎተትን ሳሎን መሃል አደረስነው። ክዳኑ መንገድ ላይ ሸርተት ብሎ ነበርና መጀመሪያ ሙንዲር አነጠሰ፣ ቀጥሎ ራኬብ፣ ቀጥሎ ሀብተ ጊዮርጊስ። ሀብተ ጊዮርጊስ ዕንባውን እየጠረገ፣ «ቁጥሩን አሳዩኝ» አለ። ቁጥሩ የተጻፈው ቂጡ ላይ ነው። ሸራ አንጥፈን በርበሬውን ገለበጥን። አሥራ ስምንት ኪሎ በርበሬ ሳሎን መሃል ተራራ ሆነ፤ አራታችንም እያነጠስን ድስቱን ወደ መስኮቱ አዞርነው። በነጭ ቀለም፣ በራሱ በሀብተ ጊዮርጊስ እጅ፣ ቁጥር አሥራ አራት።

«ማን አወጣው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«ከገና በፊት። ለአንድ ቀን ብዬ።»

«በምን መያዣ?»

«ሚስትህ ነኝ እኮ» አልኩት።

ተቀመጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጉድለት ያልተገኘበት ሰው፣ አምስት ወር ሙሉ በጉድለቱ ላይ ተኝቶ ሲያንኮራፋ መክረሙ ገባው። ያሳዝናል ብዬ ላባብለው ስል ሙንዲር ቀደመኝ፤ «ጋሽ ሀብቴ፣ ቢያንስ ከሰፈር አልወጣም» አለው። ሀብተ ጊዮርጊስ ድስቱን ውስጡን አየው፤ ዙሪያው ቀይ ነው። «ያልታጠበ ዕቃ አልተመለሰም» አለ፤ ድምፁ ግን የወትሮው አልነበረም፤ ደንቡን የያዘው እንዳይወድቅ ይመስል ነበር። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ፈታሁና የራሴን መታወቂያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ታጥቦ እስኪገባ የእኔን ያዝ። የልጅቷን ስጣት።»

 ከዚያ መዝገቡን ሳበና ጻፈ፤ ስሜን ከነአባቴ፣ ድስት ስድሳ ሊትር፣ ቁጥር አሥራ አራት፣ አልታጠበም። የእኔን መታወቂያ ከላስቲኩ ሥር አስገብቶ የእሷን አወጣ። ሲሰጣት ግን እጁ መንገድ ላይ ቆመ። «ቆይ እስቲ» አለ። «ድስቱን የወሰድሽው አንቺ ከሆንሽ፣ የዚች መታወቂያ ምን ሊሠራ መያዣ ውስጥ ገባ?»

 ራኬብ መታወቂያዋን ከእጁ ወሰደች። አገላበጠችው። ጠርዙ ላይ፣ ላስቲኩ ከካርዱ የለቀቀበት ቦታ፣ ቀይ ዱቄት ገብቶበታል፤ ፎቶዋ ላይ ደግሞ ጉንጯ ጋ ትንሽ ጠቃጠቆ አለ። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችውና አነጠሰች። ከዚያ በርበሬውን አየች። ከዚያ ጠዋት ያላስለቀቅኩትን የክንዴን ቅላት አየች። ቀጥላ ዓይኔን ታያለች ብዬ አቀረቀርኩ።

«ዳቦ ልግዛ ብሎ ነበር የወጣው» አልኩ። ሌላ ላስረዳ ፈልጌ ነበር፤ ከአፌ የወጣው እሱ ብቻ ነው።

ሀብተ ጊዮርጊስ መዝገቡን ዘጋ። ሙንዲር ጣሪያውን ያያል። ዝናቡ ቆሞ ስለነበር ድስቶቹም ዝም ብለዋል። ከታች አስፋልቱ ላይ የታክሲ ረዳት «አዲሱ ገበያ! አዲሱ ገበያ!» ሲል ይሰማል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ይላል፤ ቁልቁለቱን ለሚሮጥ ሰው አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ራኬብ መታወቂያዋን በጂንሷ የፊት ኪስ ከተተች፤ በእጇ መታ መታ አድርጋ መግባቱን አረጋገጠች። በሩ ጥግ ካለው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። የቀኙን አሰረች። የግራውን አሰረች፤ ፈታችና እንደገና አሰረች። እኔ «እሺ፣ ቶሎ በይ» የሚለውን አፌ ውስጥ አዘጋጅቼ ቆምኩ። ተነሳች፤ ጃኬቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች፤ በራፉ ላይ የተደረደሩትን ድስቶች አንድ በአንድ እየተራመደች የግቢውን በር ከፍታ ወጣች። «መጣሁ» አላለችም።